ካርቦኑ ከሰውነት እንዴት ይወጣል?
አልትራሳውንድንና የካርቦን ናኖ ቁሶችን (በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን የካርቦን ቅንጣቶችን) አጣምሮ ዕጢን ስለማከም የቀረበውን ጽሑፍ ደሴ ሆኜ በጥሞና አነበብሁት። ብርሃን ሰውነት ውስጥ ብዙም ሳይዘልቅ ሲደክም፣ አልትራሳውንድ የሚባለው፣ ከ20,000 ኸርዝ በላይ የሆነው ድምፅ ግን ጥልቅ ቦታ ካለ ዕጢ ይደርሳል፤ በዚያ የተከማቸውን ቁስም ቀስቅሶ የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድሉ የኦክስጅን ውህዶችን ያስመነጫል። እናቴ ለጨረር ሕክምና እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በተመላለሰችባቸው ወራት፣ የአልትራሳውንድ መሣሪያ እዚሁ ሰፈራችን፣ በቀዝቃዛ ቅባት ላይ ሆዷን ሲዳስስ አይ ስለነበር ነገሩ ልቤን ነክቶታል (የሕክምናው ድምፅ ከምርመራው የበረታ መሆኑን ሳልዘነጋ)። ሆኖም ጽሑፉ ካርቦኑ ከሰውነት እንዴት እንደሚወገድ አለማንሳቱ ያሳስበኛል፤ ረጃጅም የካርቦን ናኖ ቱቦዎች በአይጦች ላይ ሳንባን እንደሚጎዳው ቃጫማ ማዕድን እንደ አስቤስቶስ ያለ ብግነት ማስከተላቸው በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ታይቷልና።