«ወፍ ለማየት ብለህ ተራራ ትወጣለህ?»

አንድ ወዳጄ ለእረፍት የት እንደምሄድ ጠየቀኝ። «ጌሚ» አልኩት። «ምን አለ እዚያ?» «ወፍ።» ግራ ገብቶት አየኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ወፍ ለማየት ብለህ ተራራ ትወጣለህ?»

መልሱን እዚህ ልጻፍለት። ስዊዘርላንድ የምንኖር ሐበሾች እረፍት ስናገኝ ዘመድ እንጠይቃለን፤ ካልሆነ ቤት ተኝተን እናሳልፋለን። ተራራው ከመስኮታችን ይታያል። ግን የሀብታምና የበረዶ ሸርተቴ ተጫዋች ብቻ ስለሚመስለን አንወጣበትም። ይህ ይቆጨኛል።

ጌሚ የተራራ መተላለፊያ ነው፤ ያለው በቫሌ ካንቶን (ክልል) ነው። በባቡር ሎይክ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ሎይከርባድ። ሃልብታክስ ካርድ ያለው ሰው ግማሽ ዋጋ ይከፍላል። ሎይከርባድ በፍል ውሃዋ የታወቀች ናት። ከጀርባዋ ገደሉ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ኬብል ካሩ በደቂቃዎች ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ያወጣችኋል።

ባለፈው ሳምንት እዚያ ቆሜ ከፔርሙስ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ብርዱ ጣት ይቆረጥማል። ድንገት ከበታቼ፣ አዎ ከበታቼ፣ አንድ ትልቅ ነገር ገደሉን ታክኮ መጣ። ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ተኩል የሚያልፈውን ክንፉን አንዴም አላራገበውም። ደረቱ ዝገት የነካው ይመስላል፤ ብረት ባለው ቀይ ጭቃ ስለሚታጠብ ነው። ከአፉ ሥር ጥቁር ጢም ተንጠልጥሏል። ዓይኑን ቀይ ቀለበት ከቦታል። ጢማሙ ጥንብ አንሳ ነው።

ደባርቅ አካባቢ ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ። አጥንት ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰባበር ወርዶ ይበላዋል። እኛም ቀና ብለን አየት እናደርገውና ወደ ከብቶቻችን እንመለሳለን። ሰሜን ተራሮች ላይ ያለው ይኸው ወፍ እንደሆነ ለልጄ ስነግራት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አገሬ ራሷ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

አልፕስ ላይ ግን ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ግልገል ይወስዳል፣ ሕፃን ሳይቀር ይነጥቃል ተባለ። ለገደለው ሽልማት ተከፈለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አለቀ። መመለስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 በኦስትሪያ ነው። በሰው እጅ የተፈለፈሉ ጫጩቶች መብረር ሳይጀምሩ ገደል ላይ ይቀመጣሉ። ሰው እንዳይለምዱ ምግባቸው በስውር ይቀርባል። ከክንፋቸው ጥቂት ላባ እንዲነጣ ይደረጋል፤ ከታች የሚያይ ሰው የትኛው ወፍ እንደሆነ የሚለየው በዚያ ነው። ያየውን መዝግቦ የሚያሳውቅ ተራ ተጓዥም ሥራውን እያገዘ ነው ማለት ነው።

ስዊዘርላንድ የመጀመሪያዎቹን የለቀቀችው በ1991 በብሔራዊ ፓርኳ ነው። በአገሪቱ ዱር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫጩት የተፈለፈለው ደግሞ በ2007። 16 ዓመት ተጠበቀ! ወፉ መራባት የሚጀምረው ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው ነው፤ መቸኮል አይቻልም። ዛሬ በመላው አልፕስ ከ300 በላይ ይበራሉ።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ፎቶ አነሳለሁ ብሎ ጎጆው ድረስ ድሮን የሚልክ ሰው ያናድደኛል። እንቁላል የሚጥለው በአውሮፓ ክረምት፣ በበረዶው ወቅት ነው። ደንግጦ ከተነሳ እንቁላሉ በብርድ ይሞታል። የአዳኞች የእርሳስ ጥይትም ሌላ ጣጣ ነው፤ በጥይቱ ከሞተ እንስሳ የበላ ወፍ ይመረዛል። በ1914 የተመሠረተው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከመንገዱ ውልፍት ማለት ክልክል ነው። ውሻ በማሰሪያም ቢሆን አይገባም። በዚህ የሚያማርር አይጠፋም። እኔ ግን ሕጉ ልክ ነው እላለሁ፤ ወፉ ይቅደም፣ የእኛ እረፍት ይከተል።

ለማየት ደግሞ ጎጆ መጠጋት አያስፈልግም። ከመከር እስከ ክረምት መጨረሻ ጌሚ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው። አንዳንድ ቀን አይመጣም። ያን ቀን ከገደሉ የሚንጫጩትን፣ ምንቃራቸው ቢጫ የሆነውን የተራራ ቁራዎች ታያላችሁ። በረዶ ሲጥል ነጭ የምትለብሰውን የተራራ ቆቅ ያገኘማ ዕድለኛ ነው።

ወዳጄ ለሚቀጥለው ወር ከእኔ ጋር ሊወጣ ቀጠሮ ይዟል። ያለኝ ባይኖኩላር አንድ ብቻ ነው፤ እየተቀባበልን እናያለን።