ቆርኪ የምትለቅም ልጅ

ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ከደሴ ወደ ሐይቅ ወረድን። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቅርብ ነው። ውኃው ዳር ቁጭ ብለን አሳ ልንበላ፣ ልጆቹም ሣር ላይ ሊንከባለሉ። በቃ፣ ዕቅዳችን ይኸው ነበር።

መዝናኛው በር ላይ «ለቤተሰብ ተስማሚ» ይላል። ገባን። ወይ ጉድ! ዥዋዥዌው ከባሩ ባንኮኒ አምስት እርምጃ አይርቅም። ስፒከሩ ደግሞ ልክ ከመንሸራተቻው አናት ላይ ተሰቅሏል። ከጎናችን ያሉት ሰዎች ገና በ6 ሰዓት ሞቅ ብሏቸዋል። ስድቡ ለጉድ ነው። የአምስት ዓመቷ ልጄ ከጠረጴዛ ሥር የቢራ ቆርኪ ለቅማ፣ በሁለት እጇ አፍሳ መጣች። «አባዬ፣ 23 ሆነ!» አለች። ቀጥላ ከሰማችው ስድብ አንዱን ጠርታ «ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? አሳው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

አስተናጋጁን ሌላ ቦታ ብጠይቀው «አብሽር ጋሼ፣ ይለምዱታል» አለኝ። ይለምዱታል!

መጠጥ ይከልከል አላልኩም። ቢራ እኔም እወዳለሁ። በጠጪዎቹም አልፈርድም፣ የልጆች ኳስ ሁለቴ ጠርሙስ ገልብጦባቸዋል። ግን ከኋላ በኩል ለአዋቂ ብቻ የምትሆን አንዲት ክፍል መሥራት ይህን ያህል ይከብዳል? በ2011 የወጣው አዋጅ እንኳ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል አይሸጥም ይላል። እዚህ ልጆቹ ጠርሙስ መሃል ነው የሚውሉት።

ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ «የልጆች መጫወቻ» ተብሎ ተደምሮበታል።