እናት ጠያቂ አይደለችም

ልጄ በ4 ዓመቷ ታማ 11 ሌሊት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ምሽት ላይ አንዲት ነርስ በሩ ጋ ቆማ "የጠያቂ ሰዓት አልቋል" አለች። ባለቤቴ ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው ፈለገች። ለእሷ የተባለ አልመሰላትም። "ጠያቂ እኮ የለም" አለች፣ "እኔ እናቷ ነኝ።" ነርሷ ክፉ ሰው አልነበረችም። የተጻፈውን ደንብ ነው የነገረችን። ከብዙ ልመና በኋላ አንዳችን እንድናድር ተፈቀደ፤ እሱም ወንበር ላይ።

ያ ቃል ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። አማርኛ ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል። ጠያቂ አለ፣ አስታማሚ አለ። ጠያቂ መጥቶ፣ አይቶ፣ "እግዜር ይማርሽ" ብሎ የሚሄድ ነው። አስታማሚ እዚያው የሚያድር ነው። ውሃ ያቀብላል፣ ትኩሳቱን በእጁ ይዳስሳል፣ ሕመምተኛው ሲገላበጥ አብሮ ይነቃል። እናትና አባት ከሁለቱ የትኛው እንደሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። ብዙ ሆስፒታል ግን ዛሬም በጠያቂ ሰዓት ነው የሚያስተናግዳቸው።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ የልጆች ሆስፒታል ውስጥ ወላጅ የሕክምናው አካል ነው። ደንቡም፣ ክፍሉም፣ የሐኪሞቹ አሠራርም ከዚህ መነሳት አለበት። ባለሙያዎቹ "ቤተሰብ ተኮር እንክብካቤ" ይሉታል። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩ አስታማሚን እንደ አስታማሚ መቁጠር ነው።

እስከ ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በብዙ አገር ወላጅ የተኛ ልጁን የሚያየው በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። አንዱ ምክንያት የተላላፊ በሽታ ፍራቻ ነው። ሌላው ደግሞ ልቅሶው ነው። ልጆች ወላጆቻቸው ሲሄዱ ያለቅሳሉ፤ ወላጅ ካልመጣ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ዝም ይላሉ። ስለዚህ "ለምዷል፣ ባይመጡበት ይሻላል" ይባል ነበር። እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ይህን ዝምታ ቀርቦ ተመለከተው። ልጁ አልለመደም አለ፤ ተስፋ ቆርጧል። እ.ኤ.አ. በ1952 ለቀላል ቀዶ ሕክምና 8 ቀን የተኛች አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ በፊልም ቀርጾ ለሐኪሞች አሳየ። ልጅቷ ብዙም አትጮህም። እንባዋን ለመያዝ ትታገላለች። ፊልሙን ካዩት ሐኪሞች ብዙዎቹ ተቆጡ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1959 የእንግሊዝ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ ወላጆች በፈለጉት ሰዓት እንዲገቡ፣ እናቶችም ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር እንዲያድሩ መከረ። ጄምስ ስፔንስ የተባለ የኒውካስል ሐኪም ደግሞ ከዚያ 30 ዓመት ያህል ቀድሞ እናቶችን ከሕፃናቱ ጋር ያስተኛ ነበር። ይህን ሁሉ የማነሳው ነገሩ የዘመን አመጣሽ ፋሽን እንዳይመስል ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ራሴ ያየሁትን ልንገራችሁ። በሁለተኛው ቀን ለልጄ ደም ሊወስዱ ሦስት ሰዎች መጡ። እኛን "ለአንድ አፍታ ውጡ" አሉን። ልጅቷን አልጋ ላይ አጋደሟት። አንዱ እግሯን፣ አንዷ ትከሻዋን ይዛ፣ ሦስተኛዋ ደም ሥር ትፈልጋለች። በበሩ መስታወት አየሁት። ሦስት ጊዜ ወጉ። ከዚያ በኋላ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲገባ ባየች ቁጥር ልጄ እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር ትደብቅ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሌላ ነርስ መጣች። ዕቃዋን ከማውጣቷ በፊት ወንበር ሳበችና ባለቤቴን "ይቀመጡ፣ ታቅፈዋት እናደርገዋለን" አለቻት። ልጅቷን ፊት ለፊት፣ ደረት ለደረት አስታቀፈቻት። አንዱን እጇን በእናቷ ብብት ሥር አሳልፋ ወደ ኋላ አወጣችው። ለእኔ የሳሙና አረፋ የሚነፋበት ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችኝ። ከባለቤቴ ጀርባ፣ ከልጄ ፊት ቆሜ ነፋሁ። ልጄ መርፌው ሲገባ ጮኸች፤ አላመማትም አልልም። ግን ማንም አልተጫናትም። አንድ ጊዜ ብቻ ተወጋች። ፕላስተሩ ሲለጠፍ ዓይኗ አረፋው ላይ ነበር።

ያቺ ነርስ ያመጣችው አዲስ መሣሪያ የለም። አስታማሚዎቹን ከበሩ ውጭ በማስወጣት ፈንታ ሥራ ሰጠቻቸው፤ በቃ።

"ይሄ የስሜት ጉዳይ ነው፣ ሕይወት የሚያድነው መድኃኒቱ ነው" የሚል አይጠፋም። እንግዲያስ ያለጊዜያቸው የሚወለዱትን ሕፃናት እንይ። እ.ኤ.አ. በ1978 የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ ያጠራቸው ሐኪሞች ትንንሾቹን ሕፃናት በእናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርገው ማቀፍ አስጀመሩ። ዛሬ የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው ነው። ለረጅም ጊዜ ሕፃኑ ከተረጋጋ በኋላ የሚደረግ ነገር ተደርጎ ነበር የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ2021 በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተሠራ ጥናት ውጤት ወጣ። ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ሕፃናት መረጋጋታቸው ሳይጠበቅ፣ እንደተወለዱ ወደ እናታቸው ደረት ሲሄዱ፣ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት በ25 በመቶ ቀነሱ። ይህ እንዲሆን የእናቲቱ አልጋ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ውስጥ መግባት ነበረበት። በኢንፌክሽን የተጠረጠሩትም አነሱ፤ ወላጅን በተላላፊ በሽታ ስም ለሚያስወጣ ሰው ይህ ጥሩ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን በዚሁ መሠረት ቀየረ።

ራውንዱም፣ ማለትም ሐኪሞች ሕመምተኞችን እየዞሩ የሚያዩበት ጉብኝት፣ እንደዚሁ ነው። ጠዋት ሐኪሞቹ በቡድን ይመጣሉ። አልጋው እግር ሥር ቆመው በማይገባ ቋንቋ ያወራሉ፣ ይሄዳሉ። ባለቤቴ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ቁርስ አልበላችም፤ ስወርድ ራውንዱ ያመልጠኛል ብላ። ሳያመልጣትም የገባት ነገር ትንሽ ነበር። በሰሜን አሜሪካ ሰባት ሆስፒታሎች የሕፃናት ክፍሎቻቸው ውስጥ ይህን ለወጡ፦ ራውንዱ ከቤተሰቡ ጋር፣ በተራ ቋንቋ፣ ወላጅ ቀድሞ እየተናገረ ይካሄድ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት የስህተቱ ጠቅላላ ቁጥር ብዙም አልተለወጠም፤ ሕመምተኛውን የሚጎዱት ስህተቶች ግን በ38 በመቶ ቀነሱ። እኔን አይገርመኝም። መድኃኒቱ ትናንት ቢጫ እንደነበረና ዛሬ ነጭ እንደሆነ የሚያስተውለው ሌት ተቀን አጠገቧ ያለው ሰው ነው። ነርስ በተራ ትቀያየራለች፤ እናት ተራ የላትም።

ወላጅ ሲናገር አለመስማት ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ የማርታ ሚልስን ታሪክ ማንሳት ይበቃል። የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ከብስክሌት ወድቃ ቆሽቷ ተጎዳ፤ ሆስፒታል ሳለች በደም መመረዝ እ.ኤ.አ. በ2021 ለንደን ውስጥ ሞተች። ወላጆቿ ስጋታቸውን ተናግረው ነበር። የሞቷን ምክንያት የመረመሩት ባለሥልጣን፣ ቀደም ብላ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ብትዛወር ኖሮ በሕይወት የመቆየት ዕድሏ ሰፊ እንደነበር ደመደሙ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች "የማርታ ደንብ" የሚባል አሠራር እየገባ ነው። ቤተሰብ የልጁ ሁኔታ እየባሰ ነው ብሎ ከሰጋና የሚሰማው ካጣ፣ በራሱ ጠርቶ ከሌላ የሕክምና ቡድን አስቸኳይ ምርመራ ማግኘት ይችላል። "ልጄ ዛሬ ልጄን አትመስልም" የሚለው የእናት ቃል ሞኒተሩ ላይ አይታይም። ግን እንደ ምልክት ተቆጥሮ ካርዱ ላይ ሊጻፍ ይገባዋል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ወላጅ ይደር ማለት ወላጅ የጎደለውን ነርስ ይተካ ማለት አይደለም። አስታማሚ አለ ተብሎ የነርስ ቁጥር ሲቀነስ፣ እናት መድኃኒት ልታመጣ ስትሯሯጥ፣ ልጁ ብቻውን ሲቀር፣ ያ እንክብካቤ ሳይሆን ሸክም ማሸጋገር ነው። ከወላጅ የሚጠበቀው ሌላ ሰው የማይተካው ነገር ነው፦ ማቀፍ፣ ማጥባት፣ ማረጋጋት፣ የልጁን ጠባይ ማስረዳት። ለዚህም አቅም ያስፈልገዋል። የሚተኛበት ነገር፣ የሚታጠብበት ቦታ፣ የሚበላው ምግብ። ሦስት ሌሊት ወንበር ላይ ላደረ ሰው ስለ ቀዶ ሕክምና አስረድቶ ማስፈረም፣ አስረዳሁ አያስብልም።

ማደር የማይችልም አለ። ሥራው የማይለቀው፣ ቤት ውስጥ ሌላ ጨቅላ ያለው፣ ብቻውን የሚያሳድግ። አንዲት እናት ማታ ማታ እየሄደች ጠዋት ስትመለስ፣ "ጥላው ትሄዳለች" ሲባልባት ሰምቻለሁ። ቤት ሦስት ልጆች ነበሯት። እንዲህ ላለው ሰው መፍረድ ሳይሆን፣ ሌሊት ደውሎ ስለ ልጁ መጠየቅ የሚችልበት ስልክ መስጠት ነው። አያትም አክስትም ተተክተው ቢያድሩ አስታማሚ ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ቤት የቀረው ልጅ ነው። የሰባት ዓመቱ ወንድሟ ለአንድ ሳምንት ምንም አልጠየቀንም። በሰባተኛው ቀን ማታ ጫማውን እያወለቅሁለት "አባ፣ የገፈተርኳት ቀን ነው የታመመችው?" አለኝ። ያን ሁሉ ቀን ይህን ይዞ ነበር የተኛው። በነጋታው ለነርሷ ነገርኳት። ልጆች አይገቡም የሚለውን ደንብ ታውቃለች። ኃላፊዋን አነጋግራ መጣች። እጁን አስታጠበችው፣ የግሉኮሱን ቱቦ እያሳየች ምን እንደሆነ ነገረችው፣ በሽታው በመገፍተር እንደማይመጣም እያየችው ነገረችው። አልጋው ጠርዝ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ጠብታዎቹን ጮክ ብሎ ይቆጥርላት ጀመር። እሷ ደግሞ ሲሳሳት ታርመዋለች።