ዱብሮቭኒክ እንግዳዋን «ቆይ» ብትል ልክ ናት

ከጣሊያኗ ባሪ ማታ የተሳፈርንባት መርከብ የክሮኤሺያዋ የወደብ ከተማ ዱብሮቭኒክ የደረሰችው ማለዳ ነው። ክሮኤሺያ በ2023 (ዓመቶቹም ወሮቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሸንገን ከሚባለው የአውሮፓ የጋራ ቪዛ ክልል ከገባች ወዲህ ጣሊያን የመኖሪያ ፈቃድ ያለን ሐበሾች ያለ ሌላ ቪዛ እንሻገራለን፤ ገንዘቡም ዩሮ ሆኗል። ከግሩዥ ወደብ በአውቶቡስ ሄጄ ፒሌ በር ወረድኩ። በሩን አልፌ ስትራዱን የሚሉት ዋናው መንገድ ላይ ስደርስ ዝር የሚል ሰው የለም። ድንጋዩ በዘመናት ኮቴ ለስልሶ ያበራል። ዝናብ የጣለ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው።

ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ያ መንገድ የለም። ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ተሳፋሪዎቻቸውን አራግፈው፣ ባንዲራ የያዘ አስጎብኚ የሚከተል ሰልፍ በፒሌ በር ይጎርፋል። አብሮኝ ከመርከብ የወረደ አንድ ወንድማችን፣ ከተማዋ በቀን የሚገቡትን መርከቦች በቁጥር መገደቧን ሰምቶ «የራሳቸውን እንጀራ እየዘጉ ነው» አለኝ። ከብዙ ሰው የምሰማው ሐሳብ ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው። እኔ ከተማዋ ልክ ናት ባይ ነኝ፤ እንዲያውም ዘግይታለች።

ዱብሮቭኒክ ሙዚየም አይደለችም። እንደ ሐረር ጀጎል ሰው ተወልዶ የሚያረጅበት፣ በግንብ የታጠረ ከተማ ናት። ግንቡ ዙሪያውን 1,940 ሜትር ነው፤ ከፍታው አንዳንድ ቦታ 25 ሜትር ይደርሳል። ላዩ ላይ እየተራመዱ ጣሪያዎቹን ቁልቁል ለሚያይ ሰው ታሪኩ በሸክላው ቀለም ተጽፏል። እዚህም እዚያም የቀሩት አሮጌዎቹ ሸክላዎች ደብዝዘው ገለባ መስለዋል፤ የሚበዙት ግን ደማቅ ብርቱካናማ ናቸው። ደማቆቹ ከጦርነቱ በኋላ የተተኩ ናቸው። የዩጎዝላቪያ ጦር ከተማዋን ከቦ በደበደበበት ጊዜ፣ በተለይ ታኅሣሥ 6 ቀን 1991፣ መድፍ ዘነበባት። በአሮጌው ከተማ ካሉት 824 ሕንፃዎች 563ቱ ተመትተዋል። ከጎንደሩ ፋሲል ግቢ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1979፣ የዓለም ቅርስ ሆና የተመዘገበችው ከተማ እስከ 1998 ድረስ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አልወጣችም።

ከዚያ ሁሉ መድፍ የተረፈው ሕዝብ በሰላሙ ጊዜ ነው የተበተነው። በ1991 በግንቡ ውስጥ 5,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ ዛሬ ከ1,500 ብዙም አይርቅም። ከስትራዱን ወደ ሰሜን የሚወጡትን ጠባብ ደረጃዎች ስወጣ ምክንያቱን በዓይኔ አየሁት። በየበሩ ጎን ቁጥር የሚሞላባቸው ትንንሽ የብረት ሳጥኖች ተሰክተዋል፤ የቤቱ ቁልፍ የሚቀመጠው እነሱ ውስጥ ነው። ተከራዩ ሲመጣ ቁጥሩን ነክቶ ይገባል፤ ባለቤቱ በአካባቢው የለም። አንድ መስኮት ላይ ብቻ ገመድ ተወጥሮ ልብስ ተሰጥቷል፤ የሕፃን ካልሲም ነበረበት። ማታ ደግሞ የሻንጣ ጎማ በደረጃው ላይ ሲንኳኳ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ያስተጋባል። የከተማው አስተዳደር ጎብኚዎች ሻንጣቸውን እንዲያነሱ የለመነው ወዶ አይደለም።

በ2019 ከተማዋ ከመርከብ ኩባንያዎች ጋር ተስማምታ በቀን ከሁለት መርከብ በላይ እንዳይመጣ፣ በአንድ ጊዜም ከ4,000 የሚበልጥ ተሳፋሪ እንዳይወርድ አደረገች። በ2024 ደግሞ በአሮጌው ከተማ ለእንግዳ ለሚከራዩ ቤቶች አዲስ ፈቃድ እንዳይሰጥ ተወሰነ። ይህ ለዱብሮቭኒክ አዲስ ነገር አይደለም። በ1377 ወረርሽኝ ካለበት አገር የሚመጣ ሁሉ መርካን በምትባለው ደሴት ወይም በአቅራቢያዋ ባለችው ጻቭታት ከተማ አንድ ወር ሳይቆይ እንዳይገባ የደነገገችው እሷ ናት። በኋላ ቀኑ በየወደቡ 40 ሆነና፣ በኮሮና ጊዜ ሁላችን አፍ ላይ የገባው «ኳራንቲን» ከጣሊያንኛው አርባ ተወለደ። የዚያን ጊዜዎቹ የከተማዋ ነጋዴዎች እንጀራቸው ከመርከብ ነበር፤ የዘገየ መርከብ ኪሳራ መሆኑ አልጠፋቸውም። በሎቭሪየናጽ ምሽግ በር ላይ «ነጻነት በዓለም ወርቅ ሁሉ አይሸጥም» ብለው በላቲን ያስቀረጹትም ወርቅ የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው።

ስለ እንጀራውም ቢሆን፣ የመርከብ እንግዳ ምሳውንም አልጋውንም መርከቡ ላይ ከፍሏል። ሦስት ሰዓት ዞሮ፣ ፎቶ አንስቶ፣ አይስክሬም ልሶ ይመለሳል። ጉንዱሊች አደባባይ ላይ ደረቅ በለስና በስኳር የተቀቀለ የብርቱካን ልጣጭ የሚሸጡት እናቶች ከዚያ ሰልፍ ብዙ ሲያገኙ አላየሁም። ከእነሱ የሚገዛው ሦስት ሌሊት የሚያድረው ነው።

አዲስ ፈቃድ መከልከሉ ግን የሄደውን ሰው አይመልስም። እኔ ብጠየቅ ከመርከብና ከግንቡ መግቢያ የሚሰበሰበው ገንዘብ በግንቡ ውስጥ ቤት ይገዛበት እላለሁ፤ ቤቱም ልጅ ለሚያሳድጉ ወጣት ቤተሰቦች በሚችሉት ዋጋ፣ በረጅም ጊዜ ውል ይከራይ። ከጣሊያን ለመሻገር ለምታስቡ ወገኖቼ ደግሞ፣ ሐምሌና ነሐሴን ተዉትና በመስከረም መጨረሻ ሂዱ። ከግንቡ ውጭ ባሉት ሰፈሮች፣ ግሩዥ ወይም ላፓድ እደሩ፤ ግንቡ ውስጥ ያለውን አልጋ ለነዋሪው ተዉለት። ስትራዱንን ለማየት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ፒሌ በር ድረሱ።