ማስተካከያ፦ ስለ ካርቦን ጫማው የጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት ለደብረ ብርሃን ሯጮች፣ ሶሉ ውስጥ ጠንካራ የካርቦን ንጣፍ ስላለበት የሩጫ ጫማ፣ «ካርቦን ያለው ጫማ ሰዓት በ4 በመቶ ይቀንሳል፤ ከጉዳትም ይጠብቃል» ብዬ ጽፌ ነበር። ሁለቱም ስህተት ነው።

4 በመቶው ሰዓት አይደለም፤ ሯጩ በዚያው ፍጥነት ሲሮጥ ከሚያወጣው ጉልበት የሚቀንሰው ነው። ቁጥሩ በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮሎራዶ በ18 ሯጮች ላይ ተሠርቶ ከታተመ የላብራቶሪ ጥናት የመጣ አማካይ ነው። አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ያገኛል። በጣም ፈጣን ለሆነ ሯጭ ደግሞ የሰዓቱ ትርፍ ከጉልበቱ ያንሳል። ምስጋናውም ቢሆን ከካርቦኑ ይልቅ ለሶሉ ስፖንጅ የሚገባ ይመስለኛል።

ጉዳትን ይከላከላል ያልኩት ማስረጃ የለውም። እንዲያውም በ2023 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች በሕክምና መጽሔት ላይ፣ ይህን ዓይነት ጫማ አድርገው የመሃል እግር አጥንታቸው ስለተጎዳ 5 ሯጮች ጽፈዋል። አምስት ሰው ብዙ አይደለም፤ ለጥንቃቄ ግን ይበቃል።

እኔን አምናችሁ በየቀኑ፣ ያውም በኮረት መንገድ የምትሮጡበት ካላችሁ ወደ ቀድሞ ጫማችሁ ተመለሱ። አዲሱን ለአስፋልትና ለውድድር አቆዩት፤ በጥቂት በጥቂቱ ልመዱት። የእግራችሁን ጀርባ (ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣቶች ያለውን የላይኛውን ገጽ) በጣት ስትጫኑት የሚያም ነጥብ ካለ ሩጫ አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ታዩ።

ጫማውን ለመግዛት በግ ሊሸጥ ያሰበ ልጅ እንዳለ ሰምቻለሁ። በጉ ይቆይ።