ክራሩን ሳይነኩ ለተመረቁ የቀረበ ውዳሴ

ለእናንተም ሳትደርሳችሁ አትቀርም። ሰሞኑን በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር የስልጠና ማስታወቂያ አለች፦ «ማንኛውንም ክህሎት በ3 ቀን! ማይንድሴትዎን ይቀይሩ፣ ሌላው ራሱ ይመጣል! ሰርተፍኬት፣ ምሳና ሻይ ቡናን ይጨምራል።» መጀመሪያ አንድ ወዳጄ ላከልኝ። ቀጥሎ ሌላው። በመጨረሻ የዕድራችን ግሩፕ ላይ ተለጠፈች። ከላይዋ የቀብር ሰዓት፣ ከሥሯ የወር መዋጮ ያልከፈሉ ሰዎች ዝርዝር።

ስለዚህ ዛሬ ሐሜት የለም። ዛሬ ምስጋና ነው። ድሮ ሰው አንድ ሙያ ለመልመድ መከራውን ያይ ነበር፤ ያበላሻል፣ ይሰደባል፣ ያፈርሳል፣ እንደገና ይጀምራል። እነዚህ ደጋግ ሰዎች ከሙያው ውስጥ ልፋቱን ነቅሰው አውጥተው «አስተሳሰቡን» ብቻ ለይተው አስቀሩልን። ይባረኩ።

የአዳራሹን ሥርዓት ታውቁታላችሁ። 2 ሰዓት ተኩል የተባለው 4 ሰዓት ይጀመራል። የመጀመሪያው ትምህርት «ጊዜ ወርቅ ነው» የሚል ነው። አሰልጣኙ ጉንጩ ላይ ማይክ ለጥፎ፣ ካልሲ ሳያደርግ ብቅ ይላል። «አጠገባችሁ ወዳለው ሰው ዞር በሉና ‘አንተ ጀግና ነህ’ በሉት!» አጠገባችሁ ያለው ሰውዬ እንቅልፍ ወስዶታል። ቢሆንም ጀግና ነው።

ከዚያ ቁጥር ይመጣል። 21 ቀን የደጋገማችሁት ነገር ልማድ ይሆናል ይሏችኋል። የዚህ ነገር መነሻ እ.ኤ.አ. በ1960 መጽሐፍ ያሳተመ አንድ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን እስኪለምዱ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ ይፈጅባቸዋል ብሎ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው። አዲስ አፍንጫ ስለመልመድ የተጻፈ ነገር ዛሬ እኛ ጋ ኮዲንግ ማስተማሪያ ሆኗል። በኋላ ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ይዘው የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ አንድ ነገር ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ይወስዳል፣ እንደ ሰውዬው ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል አሉ። ያውም ስለ መብላት፣ ስለ መጠጣትና ትንሽ ስለ መንቀሳቀስ ነው እንጂ ስለ ሙያ አይደለም። ግን 254 ቀን ፖስተር ላይ አያምርም።

በአንድ ሙያ ለመራቀቅ 10,000 ሰዓት ያስፈልጋል የሚሉትም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ በርሊን ውስጥ በቫዮሊን ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ነው፤ ጎበዞቹ 20 ዓመት እስኪሞላቸው በአማካይ ያን ያህል ሰዓት ተለማምደው ተገኙ። በቀን 3 ሰዓት ብትሉት ከ9 ዓመት በላይ ነው። አሰልጣኛችን ይህን ቁጥር የሚጠቅሰው በ3 ቀኑ ስልጠና፣ ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ከምሳ በኋላ ነው።

ኃይሌ ገብረሥላሴን ሳያነሳ የሚያልፍ ስልጠናም የለም። «ይቻላል»ን ወስደውለታል። ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ ትምህርት ቤት ለመድረስ ይሮጣት የነበረችውን 10 ኪሎ ሜትር፣ ሲመለስም 10፣ እሷን ግን ለራሱ ትተውለታል።

አሁን በጣም ለማደንቀው ሰው ቦታ ልልቀቅ። ስሙን አልጠራም፤ እናንተም ሰፈር አለ።

ይህ ሰው ክራር ሊማር ወሰነ። መጀመሪያ ውሳኔውን ፖስት አደረገ። «ይመችህ!» የሚል ኮመንት ጎረፈ። ከዚያ ክራር ገዛ። የክራር ቦርሳ ገዛ። ከቦርሳው ጋር የሚሄድ ኮፍያ ገዛ። ደብተር ገዛና የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለምን?» ብሎ ጻፈ፤ ለምን እንደምትማር ሳታውቅ ክር አይነካማ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት ጀመረ፤ የተሳካለት ሰው ሁሉ በ11 ሰዓት ነው የሚነሳው። ተነስቶ ምን ይሠራል? በ11 ሰዓት ስለመነሳቱ ቪዲዮ ይሠራል። ውሃ በመጣ ቀን በቀዝቃዛ ይታጠባል። ግድግዳው ላይ የሕልም ሰሌዳ ሰቀለ፦ እሱ፣ ክራሩ፣ ትልቅ መድረክ፣ ደግሞ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ነጭ ላንድክሩዘር።

ማታ ማታ ክራሩን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና ዓይኑን ጨፍኖ ሲጫወት ራሱን ያያል። በሐሳቡ ትዝታን ጨረሰ። ባቲን ጨረሰ። አምባሰልን እንደ ውሃ ጠጣው። አንቺ ሆዬ ላይ ግን ትንሽ አስቸገረው፤ እሷ በሐሳብም ትከብዳለች። አንድ ቀን ጎረቤቱ ያሉ፣ በወጣትነታቸው ክራር ይመቱ የነበሩ አባት ጎራ ብለው ክሩን ነካ አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ እኮ አልተቃኘም» አሉት።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ራሴን እየቃኘሁ ነው» አላቸው።

እሳቸው ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። እሱ መልሱን ፎቶው ላይ ጽፎ ለጠፋት፤ ከሁሉም ፖስቶቹ በላይ የተጋራችው እሷ ናት። ጣቱ ግን ደህና ነው፣ አልተላጠም። የጣት መላጥ ለድሮ ሰዎች ነው።

በሁለተኛው ወር ምን ሆነ መሰላችሁ? አሰልጣኝ ሆነ። «ከዜሮ እስከ ክራር ሊቅ፦ የአሸናፊዎች ማይንድሴት»። ክራር 6 ክር ስላለው ስልጠናው 6 የስኬት ምሰሶዎች አሉት። የመጀመሪያው ክር ራዕይ ነው። ሁለተኛው ጽናት፣ ሦስተኛው በራስ መተማመን፣ አራተኛው እንደገና ራዕይ፣ አምስተኛውን አልያዝኩትም፣ ስድስተኛው ኔትወርኪንግ። አዳራሹ ሞላ። መሐል ላይ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ክራሩን መቼ ነው የምንይዘው?» ብሎ ጠየቀ። «አየህ፣ ይሄ ጥያቄ የሚመጣው ከድህነት አስተሳሰብ ነው» አለው አሰልጣኙ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁመው።

ያ ልጅ የከፈለው ብር ከየት መጣ? ዲግሪውን ይዞ ቤት የተቀመጠ ልጅ ነው። እናቱ የዕቁብ ዕጣዋን ሰጥታዋለች፣ ወይ እህቱ ቤሩት ሰው ቤት ስታጥብና ስትጠርግ ውላ የላከችው ነው። የመጣው እጁ አንድ ነገር እንዲችል ነው። ብየዳ ይሁን፣ ስፌት ይሁን፣ ኮምፒውተር ይሁን፣ አንድ ነገር! አንተ አሰልጣኙ ብሩን ተቀብለህ «ችግሩ ያለው ጭንቅላትህ ውስጥ ነው» ብለህ ትሸኘዋለህ። ሥራ ሲያጣ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ይሆናል፤ በደንብ አላመነማ። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ አንተ የሌለህን ነገር ሸጠህለት ነው። ይሄ ነውር ነው።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ። ለቅኔ ተማሪዎች ግን አዘንኩ፤ ስንት ዕድሜ አባከኑ! ልጁ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። ትምህርቱን ጉባኤ ቃና በምትባል የቅኔ ዓይነት ይጀምራል። ሁለት ቤት ናት፣ ሁለት መስመር! እሷን ለመቁጠር፣ ማለትም ከራሱ አመንጭቶ ለመፍጠር፣ ዛፍ ሥር ተኮራምቶ ይውላል። ለመምህሩ ሲነግር ያፈርሱበታል። በማግስቱ ሌላ ይቆጥራል፣ እሱንም ያርሙታል። ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። የዜማውን መጽሐፍ፣ ድጓን፣ መማር ካማረው ደግሞ እውቀቱን ለማስመስከር ጋይንት፣ ቤተልሔም ድረስ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መንገድ አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ «አንተ ጀግና ነህ» አላለውም። ዞር ብሎ ያየው የመንደሩ ውሻ ነው። ማይንድሴቱን የሚቀይርለት ሰው አጥቶ፣ ምስኪን፣ ቅኔውን ቻለው።

የክራሩ ሰውዬ ደህና ነው፤ ክራሩም እንደ አዲስ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የበገና ስልጠና ሊጀምር ምዝገባ ላይ ነው። ክፍያው ከክራሩ ጨመር ብሏል፤ በገና 10 ክር አለው፣ ምሰሶዎቹም 10 ሆነዋል።