ኤክስቴንሽኖቼን ማን አጥፉልኝ አላችሁ?

ዛሬ ካልተናገርኩ ያንቀኛል። ጠዋት ላፕቶፔን ከፍቼ ሥራ ልጀምር ስል ለካ ክሮም ብራውዘሬ ሌሊቱን ራሱን አፕዴት አድርጎ ነው ያደረው፣ ከላይ በቀኝ በኩል ሁሌ ተደርድረው ከማያቸው የኤክስቴንሽን (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ምልክቶች ሁለቱ የሉም። የኤክስቴንሽን ገጹን ስከፍት ስማቸው አለ ግን ደብዝዟል፣ ማብሪያውን ብነካው ብነካው ንቅንቅ አይልም፣ ከስሩ «ከእንግዲህ አይደገፍም» የምትል አንድ መስመር። በቃ። ውስጡ ያስቀመጥኩት ነገር ምን ይሆናል የሚል አንድ ቃል የለም። ያለው ምርጫ «ተመሳሳይ ፈልግ» እና «አስወግድ» ነው።

አንዱ ማስታወቂያ መከልከያው ነው፣ እሱን እመለስበታለሁ። አንጀቴን ያሳረረው ሁለተኛው ነው። ታቦችን በቡድን በቡድን አድርጋ የምታስቀምጥልኝ ትንሽዬ ኤክስቴንሽን ነበረች፣ አንድ ሰው በትርፍ ሰዓቱ የሠራት፣ ከአራት ዓመት በላይ የተጠቀምኩባት። የሰበሰብኳቸው ሊንኮች፣ በኋላ አነባቸዋለሁ ያልኳቸው ጽሑፎች፣ ከየሊንኩ ስር የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች ሁሉ እዛ ነበሩ። እኔ ደግሞ በንዴት አጥፍቼ እንደገና ልጭናት ብዬ «አስወግድ» የሚለውን ነካሁት። ኤክስቴንሽን ሲወገድ እዛው ብራውዘሩ ውስጥ ያስቀመጠው ዳታም አብሮት ይጠፋል፣ መልሼ ልጭናት ስል ደግሞ አይቻልም! በሂስትሪ ልፈልግ ብል ሂስትሪው የሚይዘው የ90 ቀን ብቻ ነው። «ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ከበፊቱ ጋር አይገጥምም» ብዬ የጻፍኩት ማስታወሻ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፣ የቱ ገጽ ላይ እንደሆነ ግን ጠፋብኝ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ኤክስቴንሽኖች የሚሠሩበት ደንብ ማኒፌስት ይባላል፣ ክሮም ላይ ማኒፌስት 2 ቀርቶ በማኒፌስት 3 ተተክቷል። ሐሳቡ የተሰማው በፈረንጆቹ 2018 መጨረሻ ላይ ነው፣ የድሮዎቹን ማጥፋት የተጀመረው በ2024። ስለዚህ «በቂ ጊዜ ተሰጥቷል» የሚለኝ ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጊዜው የተሰጠው ለዴቨሎፐሩ ነው፣ እሱ ደግሞ ደሞዝ የማይከፈለው ሰው ነው፣ የሠራውን አፍርሶ እንደ አዲስ ጻፍ ሲባል አልቻለም ተወው፣ በሱ አልፈርድም። በድሮው አሠራር ኤክስቴንሽኑ ከጀርባ ሁሌ ነቅቶ መቀመጥ ይችል ነበር፣ በአዲሱ ግን ሥራ ከሌለው ከ30 ሰከንድ በኋላ ብራውዘሩ ያስተኛዋል፣ ሲነቃ ሴቭ ያላደረገውን ሁሉ ረስቶ ነው የሚነሳው። ይሄን ለማስተካከል አንድ መስመር መቀየር አይበቃም፣ ብዙ ነገር ከሥር መነካት አለበት።

ወደ ማስታወቂያው ስመጣ፣ ድሮ መከልከያው በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነበር፣ ገጹ የሚጠራውን እያንዳንዱን ነገር ያያል፣ ይሄ ይግባ ይሄ ይመለስ ብሎ እዛው ይወስናል። አሁን ዘበኛው የስም ዝርዝር ጽፎ ለብራውዘሩ ይሰጣል፣ የሚያስገባውም የሚመልሰውም ብራውዘሩ ራሱ ነው፣ ዝርዝሩም ገደብ አለው። ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለው የታወቀ ማስታወቂያ መከልከያ ሠሪ እኮ በአዲሱ ደንብ ያወጣውን «ላይት» ብሎ ለብቻው ነው ያወጣው፣ የሚችለው ነገር ከዋናው ስለሚያንስ። እሱን ጭኜዋለሁ፣ ብዙውን ያስቆማል፣ ግን ድሮ በራሴ አንድ በአንድ አስተካክዬው የነበረው ሁሉ አብሮት አልመጣም።

ለደህንነት ነው ይባላል፣ ከፊሉ እውነት ነው፣ አልክድም። ኤክስቴንሽን ከተጫነ በኋላ ከሌላ ቦታ ኮድ እያመጣ እንዳያስኬድ መከልከሉን እኔም እደግፋለሁ፣ በዚህ መንገድ ሰው የሚሰልሉ ነበሩ። ግን ሌባውን ለመያዝ የቤቱን ሰው ሁሉ ማስወጣት ምን አመጣው? ሌላው ብራውዘር ፋየርፎክስም በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2017 ቁጥር 57ን ሲያወጣ የድሮ አድ ኦኖቹን (ኤክስቴንሽኖቹን) በአንድ ቀን ቆርጧቸው ነበር፣ ያኔም ሰው አልቅሷል፣ በማኒፌስት 3 ጊዜ ግን የድሮውን የመከልከያ መንገድም እንዳለ አቆይቶታል። ስለዚህ ይቻላል ማለት ነው እኮ! የኔ ኮምፒውተር ላይ ያለ፣ እኔ መርጬ የጫንኩት፣ እኔ ዳታዬን ያስቀመጥኩበት ነገር ከመጥፋቱ በፊት ቢያንስ «ያለህን አውጣ» ተብሎ አንድ የኤክስፖርት በተን አይሰጥም?

አሁን የቀሩኝን ኤክስቴንሽኖች አንድ በአንድ እየከፈትኩ ያለውን ወደ ፋይል እያወጣሁ ነው። እናንተም ምልክቱ ደብዝዞ ካያችሁት ባካችሁ «አስወግድ» የሚለውን እንዳትነኩት፣ ዳታው እስካልተወገደ ድረስ እዛው ነው። ታብ ከነማስታወሻው የሚያስቀምጥና በፋይል ማውጣት የሚያስችል፣ በአዲሱም ደንብ የሚሠራ የምታውቁት ካለ ንገሩኝ።